ሚዛኑም ይመዘን



ባለፈው ዓመት የረመዳን ጾም ሊገባ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ልጆቹን አስቀርቼ ስወጣ አንዲት እህት ከመድረሳው በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ልጇ እኛ ዘንድ አትቀራም፤ ገና ሦስት ዓመት አልሞላትም። ልጅቱ የስምንት ወር ሕፃን ሳለች እናት ለአያቷ ትታት ለሥራ ወደ ዐረብ አገር ሄደች፤ ሁለት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ሠርታም ተመለሰች። አሁን ልጅቱ «እማ» የምትለው አያቷን ነው። የወለደቻት እናት ከበር ስትገባ ካየች ሮጣ ከአያቷ ቀሚስ ሥር ትሸሸጋለች። ይህቺ እህት በዚያው ሰሞን በአንድ የወላጆች ስብሰባ ላይ ተገኝታ ኖሮ፣ ተናጋሪው የውጭ አገር ፊልም አሳይቶ «እናቱ ስትሄድ የማያለቅስ፣ ስትመለስም የማይሮጥላት ልጅ ቁርኝቱ የተበላሸ ነው፤ ጉዳቱም ዕድሜ ልኩን ይከተለዋል» ሲል ሰምታለች።

«ኡስታዝ፣ ልጄ ተበላሽታብኛለች ማለት ነው?» አለችኝ። በማግሥቱ ልጅቱን ከአያቷ ወስዳ ከተማ ውስጥ በተከራየችው ክፍል ልታኖራት ማሰቧንም ነገረችኝ። እኔም ሳላሰላስል «አይዞሽ እህቴ፣ ውሰጃት፣ ስትቆይ ትለምድሻለች» አልኳት። ይህ መልሴ የችኮላ መሆኑ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ደግነቱ እርሷም እንደ እኔ አልቸኮለችም።

ከዚያ በኋላ ነገሩን ከሥሩ ለማወቅ ፈለግሁ። በ12ኛ ክፍል እንግሊዝኛዬና በአንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በሆነ ጎረቤቴ እርዳታ ያገኘሁትን አነበብሁ። ካነበብሁት ውስጥ ብዙው አስደስቶኛል፤ ጥቂቱ አስቆጥቶኛል፤ በተለይ ያስቆጣኝ ግን የሊቃውንቱ ሥራ በእኛ ስብሰባዎች ላይ የሚቀርብበት አኳኋን ነው። እናንተም ቤታችሁ ሕፃን ካለ ነገሩ ይመለከታችኋልና አብረን እንየው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሕፃን ልጅ ከሚንከባከበው ሰው ጋር የሚፈጥረውን የልብ ትስስር ነው ሊቃውንቱ ቁርኝት የሚሉት። የዚህ ትምህርት አባት ጆን ቦልቢ (1907–1990) የተባለ እንግሊዛዊ የአእምሮ ሐኪም ነው። የለንደን ሐኪም ልጅ ሆኖ የተወለደው ቦልቢ ያደገው እንደ ጊዜው ባለጠጎች ልማድ በሞግዚት እጅ ነበር፤ እናቱን በቀን አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ያይ ነበር። የሚወዳት ሞግዚት አራት ዓመት ሊሆነው ገደማ ሥራዋን ትታ ሄደች። ሰውዬው ካደገ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ ስለ መለያየት መመርመሩ እንግዲህ አያስገርምም። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ አገር ሆስፒታሎች ወላጅ የታመመ ልጁን እንደ ልቡ መጠየቅ አይፈቀድለትም ነበር። የቦልቢ ባልደረባ የነበረው ጄምስ ሮበርትሰን በ1952 ላውራ የተባለች የሁለት ዓመት ልጅ ሆስፒታል ገብታ የቆየችባቸውን ስምንት ቀናት በፊልም ቀርጾ አሳየ። ሐኪሞቹ መጀመሪያ ተቆጡ። ውሎ አድሮ ግን የመጠየቂያ ደንቡ ሊላላ ቻለ። አንድ እናት ዛሬ ከታመመ ልጇ አልጋ አጠገብ ማደር ከቻለች ለዚህ ከደከሙት ሰዎች መካከል እነዚህ ይገኙበታል። ለዚህ ሥራቸው ምስጋና እንጂ ነቀፋ የለኝም።

የምመረምረው የሕፃናት ቁርኝት ስለሚለካበት ፈተና ነው። ይህን ፈተና ያዘጋጀችው ሜሪ ኤንስዎርዝ የምትባል ሴት ናት። የሥራዋ መነሻ አውሮፓ ወይም አሜሪካ አለመሆኑን ብዙ ተናጋሪዎች አያነሡትም። ኤንስዎርዝ ባሏን ተከትላ ወደ ዩጋንዳ ሄደች፤ በ1954 እና በ1955 በካምፓላ አካባቢ ባሉ የጋንዳ መንደሮች 26 ቤተሰቦችን መረጠች። በየሁለት ሳምንቱ ከአስተርጓሚ ጋር እየሄደች፣ እንደ ማንኛውም እንግዳ ከቤቱ ተቀምጣ፣ እናትና ልጅ ሲኖሩ ተመለከተች። ሕፃኑ እየዳኸ ይርቃል፤ ዞር ብሎ እናቱን ያያል፤ ደግሞ ይርቃል፤ ሲደነግጥ ተመልሶ ይለጠፍባታል። እናት ለሕፃኑ ተነሥቶ የሚዞርባትና ተመልሶ የሚያርፍባት ሰፈሩ መሆኗን ያወቀችው እዚያ ነው። ሕፃናቱ ከእናት ሌላ ከአባት፣ ከአያትና ከሌሎችም ጋር እንደሚቆራኙ ያየችውም እዚያ ነው። ይህን በ1967 በመጽሐፍ አወጣችው።

ወደ አሜሪካ ስትሄድ ደግሞ በባልቲሞር ከተማ ሌሎች 26 ቤተሰቦችን ያዘች። ሕፃኑ ከተወለደ ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ዓመት እስኪያልፈው ድረስ በየሦስት ሳምንቱ ሰዎቿ ወደ ቤቱ እየሄዱ አራት አራት ሰዓት ይቀመጡ ነበር። ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ወደ 72 ሰዓት ገደማ ማለት ነው። አንባቢ ሆይ፣ ይህን ቁጥር ያዝልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

በባልቲሞር ግን አንድ ችግር ገጠማት። የጋንዳ ሕፃን እናቱ ከክፍሉ ስትወጣ ያለቅስ ነበር፤ የአሜሪካው ሕፃን እናቱ በቤቱ ውስጥ ከክፍል ክፍል ስትዘዋወር ስለለመደ ደንታ አይሰጠውም። በዩጋንዳ በግልጽ የታየው ነገር እዚህ ተሸሸገ። ስለዚህ ሕፃኑን ከማያውቀው ክፍል ማስገባት አስፈለገ። «እንግዳ ሁኔታ» የተባለው ፈተና የተወለደው ከዚህ ነው። አንድ ዓመት የሆነው ሕፃን ከእናቱ ጋር መጫወቻ ካለበት ክፍል ይገባል። የማያውቃት ሴት ትመጣለች። እናት ትወጣለች፤ ትመለሳለች። ሁለተኛ ጊዜ ስትወጣ ሕፃኑ ብቻውን ይቀራል፤ ቀጥሎ እንግዳይቱ ትገባለች፤ በመጨረሻም እናት። እያንዳንዱ ክፍል ሦስት ደቂቃ ያህል ነው፤ ሕፃኑ እጅግ ካለቀሰ ያሳጥሩታል። ጠቅላላው ወደ 20 ደቂቃ ይፈጃል።

ከባልቲሞር ሕፃናት መካከል 23ቱ ተፈትነው 13ቱ እናታቸው ስትመለስ ወደ እርሷ ሄደው ተጽናንተው ወደ ጨዋታቸው ተመለሱ፤ እነዚህ የተረጋጋ ቁርኝት አላቸው ተባለ። 6ቱ ስትመለስ ፊታቸውን አዞሩ፤ የሚሸሹ ተባሉ። 4ቱ ደግሞ እቀፉኝ እያሉ ሲታቀፉ የሚወራጩ፣ የማይጽናኑ ሆኑ። ሌላ አራተኛ ክፍል፣ የተመሰቃቀለ የሚሉት፣ ከዓመታት በኋላ በተማሪዋ በሜሪ ሜይንና በባልደረባዋ ተጨምሯል።

እዚህ ላይ የስብሰባውን ተናጋሪ አንድ እንጠይቀው። ፈተናው የሚመዝነው ሕፃኑ እናቱ ስትሄድ ማልቀስ አለማልቀሱን ነውን? አይደለም። የተረጋጋ የተባለ ሕፃን ሊያለቅስም ላያለቅስም ይችላል። ዋናው የሚታየው እናት ስትመለስ የሚያደርገው ነው። ሁለተኛ፣ ፈተናው የተዘጋጀው ዓመት ገደማ ለሆናቸው ሕፃናት ነው፤ በየዕለቱ አብራው የምትውል እናት ለጥቂት ደቂቃ ስትለየው የሚሆነውን ለማየት ነው። ሁለት ዓመት የተለየችን እናት በሦስት ዓመት ልጅ ፊት አቁሞ በዚህ ሚዛን መመዘን የእህል ሚዛን ይዞ ወርቅ ቤት እንደ መግባት ነው። ሦስተኛ፣ ሚዛኑ የሚናገረው ስለ ሁለት ሰዎች ግንኙነት እንጂ ስለ ልጁ ጠባይ አይደለም። አንድ ሕፃን ከእናቱ ጋር «የሚሸሽ»፣ ከአባቱ ጋር «የተረጋጋ» ሊሆን እንደሚችል በ1981 በታተመ ጥናት ታይቷል። ታዲያ «የተበላሸች ልጅ» የሚለው ቃል ከየት መጣ?

ለሊቃውንቱ ፍርድ እንስጥ ካልን ግን ከፈተናው የተገኘ አንድ ቁም ነገር አለ፤ እኔን እንደ አስተማሪ ዓይኔን ገልጦልኛል። እነዚያ የሚሸሹ የተባሉት፣ ምንም ያልመሰላቸው የሚመስሉት ሕፃናት የልብ ትርታቸው ሲለካ እንደሚያለቅሱት ሁሉ ፈጥኖ ተገኝቷል። በየዓመቱ መድረሳ ሲከፈት በመጀመሪያው ሳምንት የሚያለቅሱትን ሳባብል እውል ነበር፤ ዝም ብሎ ከግድግዳው ተጠግቶ የሚቀመጠውን «ማሻአላህ፣ ጎበዝ» ብዬ አልፈው ነበር። አሁን አላልፈውም።

ፈተናው ከአሜሪካ ወጥቶ በየአገሩ ሲዞር ምን አጋጠመው? በጀርመን ቢለፌልድ ከተማ 49 ሕፃናት ተፈትነው ግማሽ ያህሉ የሚሸሹ ሆኑ። እናቶቹ ክፉ ስለሆኑ ነውን? በዚያ አካባቢ ልጅ ቶሎ ራሱን እንዲችል፣ በእናቱ ላይ እንዳይንጠለጠል ማስተማር እንደ ጥሩ አስተዳደግ ይታይ እንደነበር ራሳቸው አጥኚዎቹ ጽፈዋል። በጃፓን ሳፖሮ ከተማ ደግሞ ከ60 ሕፃናት አንድም የሚሸሽ አልተገኘም፤ ሲሶ ያህሉ የማይጽናኑ ሆኑ። የጃፓን ሕፃን በዚያ ዘመን ከእናቱ ጀርባና ጎን ስለማይለይ፣ በባዶ ክፍል ብቻውን መቅረት ለእርሱ ሌላ ነገር ነው። ለአንዱ አገር ሕፃን ትንሽ ቅር የሚያሰኝ ለሌላው አገር ሕፃን መዓት ከሆነ ሁለቱን በአንድ መስፈሪያ ሰፈርን ማለት ይቻላልን?

በካሜሩን የንሶ ሕዝብ ዘንድ ያጠኑ ጀርመናውያን እነ ሃይዲ ኬለር ከዚህም የባሰ ጥያቄ አንሥተዋል። ለንሶ እናት ጥሩ ልጅ ማለት ረጋ ያለ፣ ከማንም እቅፍ የሚገባ፣ እንግዳ ሲያነሣው የማያለቅስ ልጅ ነው። ብዙ ሰው የሚያሳድገው ልጅ እንዲህ ካልሆነ ቤቱ አይሠራም። ይህንን እኔ ከራሳችን ሰፈር አውቀዋለሁ፤ እናንተም ታውቁታላችሁ።

ከሁሉ የወደድሁት ግን ከምዕራብ ኬንያ የመጣው ነው። በጉሲ ሕዝብ ዘንድ እናት ወደ እርሻ ስትወጣ ሕፃኑን የምትይዘው አብዛኛውን ጊዜ ታላቅ እህቱ ናት። ሁለት አጥኚዎች፣ ኬርሞያንና ላይደርማን፣ 26 ሕፃናትን ያጠኑት ከክፍል አስገብተው ሳይሆን በየደጃቸው ነው። እዚያ ትልቅ ሰው ሕፃንን ሰላም የሚለው እጁን በመጨበጥ ነው እንጂ አቅፎ በመሳም አይደለም። ስለዚህ የተረጋጋው ሕፃን እናቱ ስትመጣ እንደ አሜሪካው ልጅ ወደ ላይ ተንጠራርቶ «እቀፊኝ» አይልም፤ እጁን ለሰላምታ ይዘረጋል! ያልተረጋጋው ደግሞ እጁን ዘርግቶ መልሶ ይሰበስባል። አጥኚዎቹ የአገሩን ልማድ ባያውቁ ኖሮ ያንን የተዘረጋ ትንሽ እጅ ምን ብለው ይጽፉት ነበር? በ1986 ባወጡት ጽሑፍ ሌላም ነገር አለ። ሕፃኑ ከእናቱ ጋር ያለው ቁርኝት ከአመጋገቡና ከሰውነቱ መፋፋት ጋር ሲያያዝ፣ ከአሳዳጊ እህቱ ጋር ያለው ቁርኝት ደግሞ ከአእምሮው እድገት ጋር ተያይዞ ተገኘ። የሰባትና የስምንት ዓመት ልጃገረድ ሕፃን አዝላ ስትጫወት ስናይ «ልጅ ይዛ ልጅ» እያልን እንስቃለን፤ ለሕፃኑ አእምሮ ግን እርሷ መምህርቱ ነች።

በርግጥ ሌላውን ወገን መደበቅ አይገባም። በ1988 ሁለት የኔዘርላንድ ሊቃውንት ከስምንት አገሮች የተሰበሰቡ 32 ጥናቶችን፣ ወደ ሁለት ሺህ የሚጠጉ ሕፃናትን፣ ደምረው ሲያዩ በየአገሩ በአማካይ ብዙዎቹ ሕፃናት የተረጋጉት ናቸው። በአንድ አገር ውስጥ ባሉ ጥናቶች መካከል ያለው ልዩነት እንዲያውም በአገሮች መካከል ካለው በልጧል። ስለዚህ «ይህ የነጮች ወሬ ነው፣ እኛን አይመለከትም» ብሎ ማለፍም አያዋጣም። ሕፃን የትም ሕፃን ነው፤ የሚጠጋው ሰው ይሻል። ሆኖም ከ32ቱ ጥናቶች ከግማሽ በላይ የሆኑት ከአንዲት አሜሪካ የመጡ መሆናቸውንም አብረን እንቁጠር።

«ዕድሜ ልክ ይከተለዋል» የተባለውስ? በአሜሪካ ሕፃናት ሳሉ የተፈተኑ 50 ሰዎች ከ20 ዓመት በኋላ እንደ ገና ሲጠየቁ 72 በመቶዎቹ በነበሩበት ክፍል ተገኙ። ይህ በ2000 ታትሟል። በዚያው ዓመት በሚኒሶታ ከድሃ እናቶች በተወለዱ ልጆች ላይ የተደረገ ሌላ ጥናት ሲወጣ ግን እንዲህ ያለ መጽናት አልታየም፤ ኑሮ ሲለዋወጥ የልጁም ሁኔታ አብሮ ተለዋውጧል። ሞት፣ ሕመም፣ ፍቺ የተረጋጋውን ሊያናውጥ ይችላል፤ ኑሮ ሲቃና ደግሞ የተናወጠው ሊረጋ ይችላል። ዕድሜ ልክ የተጻፈ ፍርድ የለም።

አሁን ወደ 72 ሰዓቱ ልመለስ። ኤንስዎርዝ 20 ደቂቃውን ያመነችው በ72 ሰዓት ስላመሳከረችው ነው። በፈተናው የተረጋጋው ሕፃን እናት ቤት ውስጥ ስትታይ የሕፃኗን ምልክት ፈጥና የምትረዳ፣ በወቅቱና በሚገባው መንገድ የምትመልስ ሆና ተገኘች። ዋናው ግኝቷ ይህ ነበር፤ ፈተናው ግን ለዚህ አቋራጭ መንገድ ብቻ ነበር። የሚያሳዝነው ከእርሷ በኋላ የመጡት ብዙዎቹ አቋራጩን ይዘው ቤቱን ተዉት። ኤንስዎርዝ ራሷ በ1999 ከመሞቷ በፊት በዚህ ማዘኗን ተናግራለች። በሰው ቤት ተቀምጦ መመልከት አድካሚ ነው፤ ገንዘብም ይበላል። ከክፍል አስገብቶ መፈተን ይቀላል። ከፈተናውም ይልቅ የፈተናውን ፊልም በስብሰባ አሳይቶ በማያውቁት ሰው ልጅ ላይ መፍረድ ይቀላል! የአንዲት አያትን ቤት አንድ ሰዓት እንኳ ተቀምጦ ያላየ ሰው ስለዚያች ልጅ ምን ሊል ይችላል?

ከእናት ሌላ ባለ እጅ ማደግ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ሕፃን ሳሉ ያጠባቻቸው ሐሊማ ናት። በስድስት ዓመታቸው እናታቸው አሚና በመንገድ ላይ ስትሞት ይዛ ወደ መካ የመለሰቻቸውና የተንከባከበቻቸው ደግሞ የሐበሻ ተወላጇ እሙ አይመን፣ በረካ፣ ናት፤ እርሳቸውም እስከ ዕለተ ሞታቸው እንደ እናት አክብረዋታል። ይህንን ታሪክ ግን ልጁን ለሠራተኛ ጥሎ ለሚውል ሰው ማመካኛ አድርጌ አላነሣሁትም። እሙ አይመን በየወሩ የምትቀያየር ሰው አልነበረችም። ሕፃን የሚጎዳው እጅ ሲበዛበት ብቻ አይደለም፤ እጆቹ እየተቀያየሩ ከአንዱም ጋር ሳይለምድ ሲቀር ነው።

ሮበርትሰንና ሚስቱ ጆይስ ይህንኑ በ1960ዎቹ መጨረሻ በፊልም አሳይተዋል። ጆን የተባለ የ17 ወር ሕፃን እናቱ ልትወልድ ስትገባ ለዘጠኝ ቀን ከሕፃናት ማቆያ ተቀመጠ። ሠራተኞቹ ክፉዎች አልነበሩም፤ ነገር ግን እየተፈራረቁ ይሠሩ ስለነበር የእርሱ የምትሆን አንዲትም ሴት አልነበረችም። መጀመሪያ ወደ አንዷ ተጠጋ፤ ወደ ሌላዋም ሞከረ፤ በኋላ ምግብ ተወ፤ በዘጠነኛው ቀን እናቱ ስትመጣ ተወራጭቶ ሸሻት። በእነ ሮበርትሰን በራሳቸው ቤት እንዲቆዩ የተደረጉት ሌሎች ሕፃናት ግን፣ አንዲት የማትለወጥ ሴት ስለያዘቻቸው፣ ቢያዝኑም እንደ ጆን አልሆኑም። ባልና ሚስቱ በዚህ ምክንያት ከራሱ ከቦልቢ ጋር እስከ መለያየት ደርሰዋል፤ ጉዳቱ ከመለየቱ ይልቅ ከሚከተለው አያያዝ ነው ብለው።

ይህን ካነበብሁ በኋላ ነው ለዚያች እህት የሰጠሁት መልስ ያሳፈረኝ። ልጅቱ በስምንት ወሯ አንዲት እናት ተለይታታለች፤ አያቷ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ከቦታዋ አልተነሣችም። ዛሬ «ቁርኝቷን ላስተካክል» ብላ እናት ከአያቷ ጉያ ብትነጥቃት ሁለተኛ መለየት ሆነባት። ያ መሸሸጓም ልጅ መበላሸቷን አያመለክትም፤ የምትሸሸግበት ሰው አላትና።

በነገራችን ላይ በራሳችን ልማድም ላይ የምለው አለኝ። «ይልቀስ፣ ሳንባው ይጠንክር»፣ «እቅፍ ታስለምጂዋለሽ» የምንለው ነገር አለ። ኤንስዎርዝና ባልደረባዋ በ1972 ባወጡት ጽሑፍ በመጀመሪያዎቹ ወራት ልቅሷቸው ቶሎ የተመለሰላቸው ሕፃናት ዓመት ሲሞላቸው ያነሰ እንደሚያለቅሱ ጽፈዋል። በስሌቱ ላይ የተከራከሯቸው አሉ። እኔ አምስት ልጆች አሳድጌአለሁ፤ በዚህ ከእነርሱ ጋር ነኝ።

ያችን እህት ፈልጌ አገኘኋትና ያነበብሁትን እንደሚሆን አድርጌ ነገርኋት። «ይቅርታ፣ ያን ቀን ቸኩያለሁ» አልኳት። ክፍሉን ለቅቃ ጓዟን ወደ እናቷ ቤት ይዛ ገባች። ረመዳንን እዚያው አብረው ጾሙ። በመጀመሪያው ሳምንት ልጅቱ ማንኪያ እንኳ ከእጇ አልተቀበለችም፤ እናትም፣ እንደ ነገረችኝ፣ ሌሊት እየተነሣች አልቅሳለች። አያቲቱ ግን ብልህ ሴት ናቸው፤ «ሂጂና ለእማማሽ ይህን ስጫት» እያሉ በቀን አሥር ጊዜ ይልኳት ነበር፤ አንድ ቀን ሎሚ፣ አንድ ቀን የተፈታ ክር። ከዒድ በኋላ ሳገኛት ጠየቅኋት። ልጅቱ አሁንም ስትፈራ የምትሮጠው ወደ አያቷ ነው፤ ጫማዋን የምታሥርላት ግን እናቷ እንድትሆን ትፈልጋለች፤ ሌላ ሰው ካሠረው ፈትታ ይዛላት ትመጣለች።